ሠራተኛው ዝም ብሎ አያውቅም፦ ስለ ሥራ ማቆም አድማዎቻችን ታሪክ የቀረበ ምላሽ

ስለ ኢትዮጵያ ሠራተኞች በጻፉና በተናገሩ ሰዎች ዘንድ ሥር የሰደደ አንድ አስተያየት አለ። ሠራተኛው ቁጥሩ ጥቂት ነው፤ ከገጠር ከመጣ ብዙ አልቆየም፤ ማኅበሩም ከላይ የተሰጠው ስለሆነ በራሱ የቆመ ኃይል ሆኖ አያውቅም ይባላል። በ1966 ዓ.ም. ተነሥቶ ነበር ሲባል ያነሣሡት ተማሪዎችና ምሁራን ናቸው የሚል መልስ ይሰጣል። ዛሬ በኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ሥራ ሲቆም ደግሞ ጊዜያዊ ግርግር ተብሎ ይታለፋል። የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ስለ አገራችን ያሳተመው ጥናት ይህን አስተያየት በአጭሩ አስቀምጦታል። የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበር (ኢሠአማ) በየድርጅቱ የተቋቋሙ ማኅበራት ስብስብ ሆኖ እንደቀረ፣ ሙስና፣ የምርጫ ማጭበርበርና የገንዘብ እጥረት እንዳዳከሙት ይዘረዝርና የነበረውን ሥርዓት ለመገዳደር አልቻለም ብሎ ይደመድማል።

ዝርዝሩን አልክድም፤ ድምዳሜውን ግን አልቀበልም። የሠራተኛን ኃይል በማኅበር ጽሕፈት ቤት ጥንካሬ ብቻ የሚለካ ሰው የታሪካችንን ትልቁን ክፍል ሳያይ ያልፋል። በእኛ አገር አድማ ብዙውን ጊዜ ከማኅበር ይቀድማል፤ ሕግም ሁለቱን ተከትሎ ይመጣል።

ከድሬዳዋ እንጀምር። የምድር ባቡር ሠራተኞች በ1939 ዓ.ም. ገደማ ሲደራጁ ለሠራተኛ ማኅበር ዕውቅና የሚሰጥ ሕግ አልነበረም። እንቅስቃሴያቸው በኃይል ቢጨፈለቅም ልምዱ አልጠፋም። የሆላንዱ ኩባንያ ኤች.ቪ.ኤ. በ1946 ዓ.ም. ስኳር ማምረት በጀመረበት በወንጂ ሠራተኞቹ የተሰባሰቡት በእድር ነው። እድር ማንም የማይከለክለው ነገር ነበር። መዋጮ ይሰበሰባል፣ ዳኛ ይመረጣል፣ የታመመ ይጠየቃል፣ የሞተ ይቀበራል። ከዚያው ስብሰባ ላይ ስለ ደመወዝና ስለ ሥራ ሰዓት መነጋገር ቀላል ነው። ሊቀ መንበር መምረጥን፣ ሒሳብ ማስመርመርንና የጋራ ውሳኔን ማክበርን ሠራተኛው ፋብሪካ ሳይገባ በሰፈሩ ተምሮታል። የሠራተኛ ማኅበር ከውጭ የመጣ ባዕድ ነገር ነው የሚሉ ሰዎች ይህን ቢያጤኑት ይጠቅማል። የኢሠአማ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት አብርሃም መኮንን የወጡትም ከወንጂ ነው።

የ1948ቱ የተሻሻለ ሕገ መንግሥት በማኅበር የመደራጀትን መብት በጽሑፍ አውቆ ነበር። መብቱን በሥራ ላይ የሚያውለው የአሠሪና ሠራተኛ ግንኙነት ድንጋጌ የወጣው ግን በ1954 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። በመካከል ያሉትን ዓመታት የሞሉት የሠራተኛው አቤቱታዎችና አድማዎች ነበሩ። መንግሥትን ወደ ድንጋጌው የገፋው ደግነት ብቻ አይመስለኝም፤ ያለ ፈቃድ የሚነሣውን እንቅስቃሴ መዝግቦ በቁጥጥር ሥር የማዋል ፍላጎትም ነበረበት። በ1955 ዓ.ም. ኢሠአማ በ22 ማኅበራት ተቋቋመ። ከ10 ዓመት በኋላ 167 ማኅበራትና ወደ 80,000 የሚጠጉ አባላት ነበሩት፤ ይህም መደራጀት ከሚችለው ሠራተኛ 30 በመቶ ያህሉ ነው። ቁጥሩን የድክመት ማስረጃ አድርገው የሚያቀርቡ አሉ። በ10 ዓመት ውስጥ፣ አሠሪው የማኅበር መሪን በቀላሉ በሚያባርርበት አገር፣ ከሦስት ሠራተኞች አንዱ ያህል ስሙን በይፋ ማስመዝገቡን ድክመት ለማለት እኔ አልደፍርም።

አሁን ወደ 1966 ዓ.ም. እንምጣ። የካቲት 11 ቀን መምህራንና የታክሲ ነጂዎች ሥራ አቆሙ። የካቲት 28 ቀን ኢሠአማ በኢትዮጵያ ታሪክ የመጀመሪያውን አጠቃላይ የሥራ ማቆም አድማ ጠራ፤ አድማው እስከ መጋቢት 2 ቀን ዘለቀ። ጥያቄዎቹን ላነበበ ሰው የማን እጅ እንደጻፋቸው ግልጽ ነው፤ ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል ይወሰን፣ የመደራጀትና ሥራ የማቆም መብት ይከበር የሚሉ ናቸው። ተማሪው አብሮ ጮኋል፣ ወረቀት በትኗል፤ ያንን ውለታ ማንም አይረሳም። ባቡሩንና ፋብሪካውን ማቆም የሚችለው ግን በዚያ የሚሠራው ሰው ብቻ ነበር። የአዲሱ ጠቅላይ ሚኒስትር የእንዳልካቸው መኮንን ካቢኔ ሥልጣን በያዘ በ2 ሳምንት ጊዜ ውስጥ ከሠራተኛው ጋር ለመስማማት ተገደደ።

እኔን ይበልጥ የሚያሳምነኝ ከስምምነቱ በኋላ የሆነው ነው። የማኅበሩ መሪዎች ፈርመው ሲመለሱ አድማው አልበረደም። በመጋቢትና በሚያዝያ ከምድር ባቡር እስከ ትምባሆ ሞኖፖል በየመሥሪያ ቤቱ ሥራ ቆመ፤ ዝቅተኛ ክፍያ የሚያገኙ ካህናት ሳይቀሩ ጥያቄያቸውን አቀረቡ። እንቅስቃሴው በመሪዎቹ ትእዛዝ ብቻ የሚሄድ ቢሆን ኖሮ በመሪዎቹ ፊርማ በቆመ ነበር።

ከዚያ በኋላ ሥልጣን የያዘው ወታደራዊው ደርግ ይህን የሠራተኛ ኃይል በሚገባ ተረድቶ ነበር። በመስከረም 1968 ዓ.ም. የሠራተኛውን ጥያቄ የያዘ ወረቀት ሲበትኑ የተገኙ ሰዎች ላይ ተኩስ ተከፈተ፤ በአዲስ አበባም የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ከዚያ በኋላ ኢሠአማ ጠፍቶ በ1969 ዓ.ም. የመላው ኢትዮጵያ ሠራተኞች ማኅበር በቦታው ተተካ። ዛሬ ሠራተኛው ማኅበር አይወድም የሚሉ ሰዎች፣ ለማኅበር ወረቀት የበተነ ሰው ምን እንደገጠመው ማስታወስ አለባቸው። እንዲህ ያለ ትዝታ በቤተሰብ ውስጥ ከአባት ወደ ልጅ ይተላለፋል።

ስለ ዛሬው ሕግ አጠር አድርጌ ልናገር። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 42 ሠራተኛ የመደራጀትና ሥራ የማቆም መብት አለው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት 10 ሠራተኞች ማኅበር ማቋቋም ይችላሉ። አድማ ለማድረግ ግን የ10 ቀን ማስጠንቀቂያ መስጠት፣ ከማኅበሩ አባላት ሁለት ሦስተኛው በተገኙበት ስብሰባ በአብላጫ ድምፅ መወሰን ያስፈልጋል። ጉዳዩ በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ቦርድ ወይም በፍርድ ቤት ከተያዘ ደግሞ መጠበቅ አለ። እንደ ኤሌክትሪክ፣ ውኃና አየር መንገድ ያሉ አገልግሎቶች ከመብቱ ውጭ ናቸው፤ የመንግሥት ሠራተኛም በዚህ አዋጅ አይሸፈንም። ማኅበር በሌለበት ፋብሪካ የሚሠራ ሰው ይህን ደረጃ በደረጃ እንዴት ይፈጽመዋል? እናም አድማዎቻችን በአብዛኛው ከሕጉ መንገድ ውጭ መሆናቸው ስለ ሠራተኛው ሥርዓት አልባነት የሚናገረው የለም፤ የሚናገረው ስለ በሩ ጥበት ነው።

በሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ያየነው ይህንኑ ነው። ፓርኩ በ2008 ዓ.ም. ሲመረቅ ርካሽ ጉልበት በግልጽ ለባለሀብት ማማለያ ሆኖ ቀርቦ ነበር። የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ስተርን የንግድ ትምህርት ቤት ተመራማሪዎች በ2011 ዓ.ም. ባወጡት ሪፖርት መነሻ ደመወዙ በወር 26 ዶላር መሆኑን፣ በባንግላዴሽ ግን 95 ዶላር እንደነበር መዝግበዋል። ፋብሪካዎቹ በአማካይ በ12 ወር ውስጥ ሠራተኛቸውን በሙሉ እንደሚተኩም ጽፈዋል፤ ሠራተኞቹ በየጊዜው ሥራ ያቆሙ እንደነበርም አልሸሸጉም። አንዳንዶች ከዚህ ያወጡት ትምህርት ልጃገረዶቹ ሠራተኞች የፋብሪካ ዲሲፕሊን አልለመዱም የሚል ነው። እኔ የማነበው ሌላ ነው። ለአንድ ክፍል ኪራይና ለቀን ምግብ የማይበቃ ደመወዝ የተቀበለች ወጣት፣ ቅሬታዋን ተቀብሎ ከአሠሪው ጋር የሚደራደርላት አካል ሳይኖር ሲቀር፣ የቀራት መደራደሪያ ጥሎ መሄድ ነው። በአንድ ዓመት የፋብሪካው ሠራተኛ በሙሉ ሲለወጥ ያ ድርድር ነው፤ የተበተነና ለእሷም ለአሠሪውም ውድ የሆነ ድርድር።

ለዚህ ክርክር የሚቀርበውን ጠንካራ ተቃውሞ አውቃለሁ። ድንገት የሚነሣ አድማ የአንድ ወር ጭማሪ ወይም የትራንስፖርት አበል ያስገኝና በማግሥቱ መሪዎቹ ይባረራሉ፤ የኅብረት ስምምነት የሚፈርም፣ ቃል ሲታጠፍ የሚከስ ሰው አይኖርም። ይህ እውነት ነው፤ ስለዚህም ነው ማኅበር አያስፈልግም የማልለው። የተደራጀ ዘመቻ ዘግይቶም ቢሆን ያስገኘውን አይተናል። ከሥራ ግብር ነጻ የሆነው የወር ገቢ ለዓመታት በ600 ብር ላይ ቆሞ የዋጋ ንረቱ ሲሮጥ፣ የኢትዮጵያ ሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን ያለ መታከት ሲወተውት ቆየ፤ በ2017 ዓ.ም. ወለሉ 2,000 ብር ሆነ። ይኸው ኮንፌዴሬሽን ግን በ2015 ዓ.ም. የሠራተኞችን ቀን በሰልፍ ሊያከብር አቅዶ ሳይፈቀድለት ቀርቷል።

የደመወዝ ወለል በ1966 ዓ.ም. የተጠየቀ ነው። አዋጅ 1156 የደመወዝ ቦርድ በደንብ ይቋቋማል ካለ ዓመታት አልፈዋል፤ ለግል ድርጅት ሠራተኛ የተቆረጠ አስገዳጅ ወለል ግን እስካሁን የለም። ቦርዱ ተቋቁሞ የሠራተኛ ተወካይ ወንበር እስኪይዝበት፣ በየፓርኩም ማኅበር ማቋቋም የሥራ ማጣት ምክንያት መሆኑ እስኪቀር ድረስ ሥራ በድንገት መቆሙ ይቀጥላል፤ አጥኚዎችም ያንን በግርግር መዝገብ ሳይሆን በሠራተኛው ንቅናቄ ታሪክ ውስጥ ሊጽፉት ይገባል።