ቤታችሁን አትሽጡ

ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፤ በ1997 ተመዝግበን፣ ከጉሮሯችን እየቀነስን ቆጥበን፣ በየካቲት 2011 ዕጣ የወጣልን የኮዬ ፈጬ አረጋውያን ስሙኝ። ስትሮክ ገብቶ እጅና እግር በያዘበት ቤት ደላላ ተከትሎ ይገባል። «ሕንድ ውሰዱት፤ ከዳሌው አጥንት መቅኔ ይቀዳና ሴሉ ተጣርቶ ሲሰጠው አንጎሉ ይታደሳል» ይላል። ልጆች አባታቸውን ሲያዩ አንጀታቸው ይላወሳል፤ የሚሸጥ ነገር ሲፈልጉ ደግሞ ያለችው ይቺው ኮንዶሚኒየም ናት። ውል ከመፈራረማችሁ በፊት የምለውን አድምጡ።

ደላላው የሚታመነው እውነት ተጠግቶ ስለሚያወራ ነው። የመቅኔ ንቅለ ተከላ ለደም ካንሰር የታወቀ ሕክምና ነው፤ ደም የሚመረተው መቅኔ ውስጥ ነውና። ስትሮክ ግን የደም ሥር ተዘግቶ ወይም ፈንድቶ የአንጎል ክፍል ሲሞት የሚመጣ ነው። ተመራማሪዎቹ ራሳቸው ተስፋ ያደረጉት የመቅኔው ሴል የተጎዳውን ቦታ ብግነት ያበርዳል፣ የተረፈውን ክፍል ያግዛል ብለው ነበር እንጂ የሞተውን ይተካል ብለው አይደለም።

ያም ተስፋ ተፈትኗል፤ ከፈተኑት መካከል የዚያችው የሕንድ ሐኪሞች አሉ። እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጡት ጥናት፣ በ5 ሆስፒታሎች 120 ሕሙማንን በዕጣ ለሁለት ከፍለው ለአንዱ ወገን ከራሱ መቅኔ የተወሰደ ሴል ሰጡ። ከስድስት ወር በኋላ ሴሉን የወሰዱት ካልወሰዱት ተሽለው አልተገኙም። በስፔን 77 ሕሙማን የተሳተፉበት፣ እ.ኤ.አ. በ2023 የታተመ ጥናትና በጃፓን 206 ሕሙማን የተሳተፉበት፣ እ.ኤ.አ. በ2024 የታተመ ጥናትም የተጠበቀውን ውጤት አላሳዩም። ሕንድ እ.ኤ.አ. በ2017 ያወጣችው መመሪያ ደግሞ እንዲህ ያለውን ሕክምና ከተፈቀደ ምርምር ውጪ መስጠትን ይከለክላል። ታዲያ ደላላው የቤት ዋጋ የሚያስከፍለን ለምንድን ነው?

ገንዘቡ ብቻ ቢሆን በቀለለ። ስትሮክ የመታው አንድ አሜሪካዊ በቻይና፣ በአርጀንቲናና በሜክሲኮ ክሊኒኮች «ስቴም ሴል» የሚባል የተለያየ ዓይነት ሴል ተወጋ። በኋላ አከርካሪው ውስጥ ዕጢ አደገ፤ ሲመረመር ከሌላ ሰው ሴል የመጣ ሆኖ ተገኘ። ሐኪሞቹ ጉዳዩን እ.ኤ.አ. በ2016 አሳትመውታል።

ለታመመው ሰው ከሁሉ የሚበልጡት የመጀመሪያዎቹ ወራት ናቸው። አንጎል የተረፈውን ክፍል እንደገና የሚያሠለጥነው በብዛት ያኔ ነው፤ የሚያሠለጥነውም ፊዚዮቴራፒ ነው፦ መቀመጥ፣ መቆም፣ መራመድ፣ ጣት መዘርጋት፣ በየቀኑ ደጋግሞ። እዚህ ላይ የሰፈራችንን ነገር ሳልናገር አላልፍም። ሊፍት በሌለው ብሎክ አራተኛ ፎቅ ላይ የሚኖር ሰው ከሆስፒታል ሲመለስ ወንዶች በወንበር ተሸክመው ያወጡታል፤ ከዚያ የሚያወርደው የለም። ቀጠሮው ያልፋል፣ ትከሻው ይደርቃል፣ እግሩ ይኮማተራል፤ ቤተሰብ «አልሻለውም» ብሎ ወደ ደላላው የሚሄደው ያኔ ነው። ቤት መንካት ግድ ከሆነ ምድር ቤት ካለው ጎረቤት ጋር በኪራይ ተቀያየሩ። እድራችን ድንኳን ለመትከል ወጣት እንደሚያሰልፍ፣ በሕይወት ያለውን ታማሚ ለቀጠሮው የሚያወርዱ ወጣቶችን ይመድብ። ይህን በሚቀጥለው ስብሰባ አነሳዋለሁ፤ እናንተም ደግፉኝ።

ገና ያልተመታን ደግሞ ግፊታችንን እንለካ። «ተሽሎኛል» ብላችሁ የደም ግፊት ክኒን አታቋርጡ፤ ጸበል የምትጠመቁም ክኒኑን ይዛችሁ ሂዱ። የአንድ ሰው አፍ በድንገት ከተጣመመ፣ አንድ እጁ አልነሣ ካለ፣ ንግግሩ ከተኮላተፈ እስኪነጋ አትጠብቁ። የረጋን ደም የሚያሟሟው መድኃኒት፣ በሚሰጥባቸው ጥቂት ሆስፒታሎችም ቢሆን፣ ሕመሙ በጀመረ በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ፣ ያውም ጭንቅላቱ ሲቲ ስካን ከተነሣ በኋላ ነው የሚሰጠው። ከኮዬ ፈጬ መሀል ከተማ ለመድረስ መንገዱ ብቻ ስንት ሰዓት እንደሚበላ ታውቃላችሁ። በየብሎካችሁ መኪና ያለው ማን እንደሆነ ዛሬውኑ ጠይቁ፤ ስልኩን በትልቁ ጽፋችሁ በራችሁ ላይ ለጥፉ።