ተቀምሶ የማይገዛ ዱቄት

መርካቶ በርበሬ ተራ ገብቶ ዝም ብሎ ከፍሎ የሚወጣ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አላየሁም። በርበሬው በእጅ ይታሻል፣ ይሸተታል፣ ቅንጣቷ ምላስ ላይ ትደረጋለች። ቅቤም እንደዚያው ነው፤ ሙዝ ተቀላቅሎበት ይሆን ብላ የማትጠረጥር እናት የለችም። የመርካቶ ገዢ የሻጩን ምላስ ሳይሆን የራሱን እጅና አፍንጫ ነው የሚያምነው። ካመነም "ደንበኛዬ" የሚለውን ነው፤ ቢያታልለው ነገ እዚያው ሱቅ ሄዶ የሚጮህበትን።

ይህን ያነሳሁት ቲክቶክና ቴሌግራም ላይ እየተደጋገመ ስለሚመጣብኝ ነገር ነው፤ ፔፕታይድ። ትንሽ የመስታወት ብልቃጥ፣ ውስጧ ነጭ ዱቄት፣ በውኃ ተበጥብጦ ከቆዳ ሥር የሚወጋ። ጅማት ይጠግናል፣ ቁስል ያሽራል፣ ጡንቻ ይመልሳል ይባልለታል። መርካቶ ውስጥ ጭነት የሚያወርድ አንድ ወዳጄ ጉልበቱን ካመመው ወራት ሆኖታል። ቪዲዮውን ላከልኝና "ከዱባይ የሚመጣ ልጅ አለ፣ ላስመጣ እንዴ?" አለኝ። ኢኮኖሚክስ ስለተማርኩ ዋጋውን እንዳሰላለት ነበር የፈለገው።

መጀመሪያ ግን ነገሩ ተረት አይደለም። ፔፕታይድ ማለት የአሚኖ አሲዶች አጭር ሰንሰለት ነው፤ ሰውነታችን ራሱ ይሠራዋል። የስኳር ሕሙማን የሚወጉት ኢንሱሊን 51 አሚኖ አሲዶች አሉት። ቴሌግራም ላይ በብዛት የሚወራለት ቢፒሲ-157 ደግሞ በላቦራቶሪ የሚሠራ ባለ 15 ነው። ስለ እሱ የተጻፈው አብዛኛው ጥናት የወጣው ክሮኤሺያ ዛግሬብ ካለ አንድ የተመራማሪዎች ቡድን ሲሆን፣ የተሞከረውም በአብዛኛው አይጦች ላይ ነው። ጅማታቸው የተቆረጠ አይጦች ቶሎ አገግመዋል ተብሏል። ደስ ይላል። በሰው ላይ የተደረገው ግን በጣት የሚቆጠርና በጣም ትንንሽ ነው። የዓለም ፀረ አበረታች ቅመሞች ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2022 ለስፖርተኞች ከልክሎታል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደርም በ2023 ፋርማሲዎች ቀምመው እንዳይሸጡት የደህንነት ስጋት ካለባቸው ንጥረ ነገሮች ዝርዝር ውስጥ አስገብቶታል።

ብልቃጡ ላይ የተጻፈውን አንብባችሁ ታውቃላችሁ? "ለምርምር አገልግሎት ብቻ" ይላል። እኔ ይህን ዓረፍተ ነገር ሳነብ የሚታየኝ ሻጩ ቀድሞ እጁን ታጥቦ መውጣቱ ነው። ብትታመም "እኔ እኮ ለላቦራቶሪ ነው የሸጥኩት" ይልሃል።

ጆርጅ አከርሎፍ የተባለ አሜሪካዊ ኢኮኖሚስት እ.ኤ.አ. በ1970 ስለ ያገለገሉ መኪኖች ገበያ አንድ አጭር ጽሑፍ አወጣ፤ በኋላ በ2001 ኖቤል ያሸለመው ሐሳብ ነው። ሻጩ የመኪናውን ችግር ያውቃል፣ ገዢው አያውቅም፤ ስለዚህ ገዢው ለሁሉም እኩል ዝቅ ያለ ዋጋ ይሰጣል፣ ጥሩ መኪና ያለው ሰው በዚያ ዋጋ አልሸጥም ብሎ ይወጣል፣ ገበያው ላይ ብልሹው ይቀራል። የፔፕታይዱ ነገር ከዚህም ይብሳል። እዚህ ሻጩም አያውቅም! ዱቄቱ የተባለው ነገር ይሁን፣ መጠኑ ልክ ይሁን፣ ንጹሕ ይሁን፣ በሻንጣ ሲመጣ ሙቀት አበላሽቶት ይሁን፣ ከዱባይ የሚያመጣው ልጅ በምን ያጣራል? መርካቶ ባለው ጥበብ ሁሉ ቢረባረብ አይለየውም። ፋብሪካውና ማሸጊያው የታወቀው ሴማግሉታይድ እንኳ ሐሰተኛው ተሠርቶ የዓለም ጤና ድርጅት በ2024 ማስጠንቀቂያ አውጥቶበታል።

እንግዲህ ቀማሹ ማን ነው ካላችሁ፣ በሰው ላይ የሚደረገው ሙከራ ነው። የእንቁራሪቷን ታሪክ የምወደው ለዚህ ነው። ማይክል ዛስሎፍ የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም ለጥናት ሆዳቸው ተቀዶ የተሰፋ እንቁራሪቶች ቆሻሻ ውኃ ውስጥ ተመልሰው ቁስላቸው ሳያመረቅዝ መዳኑ ገረመው። እ.ኤ.አ. በ1987 ከቆዳቸው ጀርም የሚገድል ፔፕታይድ ማግኘቱን አሳወቀ። በአምሳያው ፔክሲጋናን የሚባል ሰው ሠራሽ ፔፕታይድ ተሠራ፤ የስኳር ሕሙማን እግር ላይ ላለ ለመረቀዘ ቁስል የሚቀባ ክሬም። በ1999 የአሜሪካው ተቆጣጣሪ አልፈቀደም። በ2016 ውጤታቸው የወጣ ሁለት ትልልቅ ሙከራዎች ደግሞ ክሬሙን የተቀቡትንና መድኃኒት የሌለበት ክሬም የተቀቡትን አወዳደሩ። ሁለቱም ወገን ቁስላቸው በደንብ ይታጠብላቸው፣ ይጠረግላቸው፣ ይታሸግላቸው ነበር። ልዩነት አልተገኘም። ከ30 ዓመት ገደማ ልፋት በኋላ ማለት ነው፤ ያውም ሐቀኛ ሰዎች፣ ንጹሕ መድኃኒት ይዘው።

የሚታጠበውና የሚታሸገው ነገር ደግሞ አገራችን ውስጥ እንግዳ አይደለም። ዘነበወርቅ ያለው አለርት እ.ኤ.አ. ከ1965 ጀምሮ የሥጋ ደዌ ሕሙማንን ሲያክም ኖሯል። በሽታው ነርቭን ስለሚጎዳ እግር አያምም፤ ስለማያምም ሰውየው በቁስሉ ላይ ይራመዳል፤ ስለሚራመድ አይሽርም። የስኳር ሕመም ያለበት ሰው እግርም በዚሁ መንገድ ነው የሚጎዳው። ሕክምናው ማጠብ፣ የሞተውን ሥጋ ማንሳት፣ እግሩን ከክብደት ማሳረፍ፣ ልክ የሆነ ጫማ ማልበስ ነው። ለቲክቶክ ቪዲዮ አይመችም፣ አውቃለሁ። እዚያው ግቢ ከ1970 ጀምሮ የሚሠራው አርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት አለ፤ "ለምርምር ብቻ" የሚባል ነገር ቦታው እንደዚያ ያለ ቤት ነው፣ የወዳጄ ጉልበት አይደለም።

(ፊት ላይ ስለሚቀባው ባለ ፔፕታይድ ሴረም የምትጠይቁኝ አላችሁ። የሚቀባና የሚወጋ አንድ አይደለም፤ እሱ ከገንዘባችሁ ጋር ያለ ጉዳይ ነው።)

የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣንን የምጠይቀው አንድ ነገር አለ። በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 ያልተመዘገበ መድኃኒት ማስገባትም መሸጥም ክልክል ነው፤ ሕጉ አለ። ሽያጩ ግን ያለው ስልካችን ውስጥ ነው። ስለዚህ ማስጠንቀቂያውም በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በአንድ ደቂቃ ቪዲዮ፣ የብልቃጦቹ ስም ተጠርቶ እዚያው ይምጣ። ልጁ ሻንጣውን ጭኖ ከመነሳቱ በፊት።

ለወዳጄ የመለስኩለት ዋጋ ይህ ነው፤ ለብልቃጡ ያሰበውን ገንዘብ ይዞ ጉልበቱን አጥንት ሐኪም ያሳይ፣ ፊዚዮቴራፒ ይጀምር፣ ለጥቂት ሳምንትም ጭነት አያንሳ። የመጨረሻው ላይ ሳቀ። ያልሠራበትን ቀን ማን ይከፍለኛል አለኝ፤ እውነቱን ነው፣ ለዚያ መልስ አልነበረኝም።