ጥፋቱ የፊደላችን አይደለም

እኛ የአርትስ ፋክልቲ ተማሪዎች የሆንን ጥቂት ጓደኛሞች በዚህ ዓመት የአማርኛ ቃላትን የሚቈጥር አጭር ፕሮግራም በፓይተን መጻፍ ጀመርን። ቃላቱን ሦስት ወር ሙሉ ከመጻሕፍት ስንለቅም ሰንብተን ነበር። ፕሮግራሙን ባስነሣነው ጊዜ ግን ገና በመጀመሪያው መስመር ላይ ቀጥ አለ። በመስመሩ ላይ የነበረው ቃል «ሰላም» ነበር።

ከመካከላችን አንዱ ቸኩሎ ፋይሉን በኤዲተር ከፈተና ኢንኮዲንጉን ወደ አሮጌው የምዕራባውያን ሥርዓት ለውጦ ሴቭ አደረገው። ዘግቶ ቢከፍተው በየፊደሉ ቦታ የጥያቄ ምልክት ተደርድሮ አገኘ። ሌላ ቅጂ አላስቀመጥንም ነበርና የሦስት ወር ድካማችን ጠፋ። ይህን የሰማ አንድ ወዳጃችን፥ «አማርኛውን በላቲን ፊደል ብትጽፉት ኖሮ ይህ ሁሉ ባልደረሰ» ሲል መከረን። ይህን አስተያየት ያስጻፈን የፋይሉ መጥፋት ሳይሆን ይኸው ምክር ነው።

ነገርን ከሥሩ፥ ውሃን ከጥሩ ይባላልና ነገሩን ከሥሩ እንመርምረው። ኮምፒውተር ፊደልን የሚያውቀው በቁጥር ነው። የግዕዝ ፊደል እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1999 ወደ ዩኒኮድ ከገባ ወዲህ ለእያንዳንዱ ፊደል የታወቀ ቁጥር አለው፤ ዩ.ቲ.ኤፍ. 8 በተባለው ኢንኮዲንግ ሲጻፍም እያንዳንዱ ፊደል 3 ባይት ይይዛል። «ም» 225፥ 136፥ 157 ተብሎ ይጻፋል። በዊንዶውስ ላይ ያለ ፓይተን ኢንኮዲንጉ ካልተነገረው ብዙ ጊዜ ፋይሉን የሚያነበው በዚያው በአሮጌው የምዕራባውያን ሥርዓት ነው፤ በዚያ ሥርዓት ደግሞ ለ157 የተመደበ ፊደል የለም። ስለዚህ ፕሮግራሙ «ም» ላይ ሲደርስ ቆመ። ፋይሉ ጤነኛ ነበር፤ የተሳሳተው ንባቡ ነው። ፋይሉን በሚከፍተው ትእዛዝ ላይ ኢንኮዲንጉ ዩ.ቲ.ኤፍ. 8 መሆኑን መጻፍ ይበቃ ነበር። የስሕተቱ መልእክትም የትኛው ባይት እንዳስቸገረው ገልጾልን ነበር፤ እኛ ሳናነበው ዘጋነው።

እንግዲህ ሁለት ነገሮችን መለየት ይገባል። ኤዲተሩ በአማርኛው ፈንታ እንግዳ ምልክት ቢያሳየን፥ ፋይሉን በሌላ ኢንኮዲንግ እንደገና መክፈት ንባቡን ብቻ ይለውጣል፤ በሌላ ኢንኮዲንግ ሴቭ ማድረግ ግን ፋይሉን ራሱን ይለውጠዋል። እንደ ቪዥዋል ስቱዲዮ ኮድ ባለ ኤዲተር ሁለቱ ትእዛዞች ጎን ለጎን ይገኛሉ። የመጀመሪያውን ሳይሞክሩ ሁለተኛውን መንካት አይገባም።

ኤዲተሩ ራሱ በድንገት እየተዘጋ ሲያስቸግርም ብዙዎቻችን ወዲያው አጥፍተን እንደገና እንጭነዋለን። ይህም ያው ችኰላ ነው። አስቀድሞ ፋይሉን ገልብጦ በሌላ ቦታ ማኖር፥ ከዚያም ኤክስቴንሽኖቹን ሁሉ አጥፍቶ ማስነሣት ይሻላል። ያለ እነርሱ ደኅና ከሠራ ምክንያቱ ከእነርሱ በአንዱ ሳይሆን አይቀርም፤ ግማሹን መልሶ መሞከር፥ ከዚያም ጥፋተኛው ያለበትን ግማሽ እንደገና ለሁለት መክፈል ነው። ኤክስቴንሽኖቹ 16 ቢሆኑ ጥፋተኛው በ4 ሙከራ ይለያል።

ፊደላችንን እንተው ለሚሉን ወዳጆች መልሳችን አጭር ነው፤ በአንድ ትእዛዝ ላይ ሳይጻፍ ለቀረ ቃል ፊደል አይከሰስም። ነገር ግን እኛም ከወቀሳ አንድንም። መጽሐፍን ቃል በቃል መመርመር የተማርን ሰዎች በሁለት መስመር የተጻፈ የስሕተት መልእክት ማንበብ ታክቶናል።

ቃላቱን እንደገና መልቀም ጀምረናል፤ በዚህ ጊዜ ቅጂው በሦስት ቦታ ይቀመጣል። ማኅበራችንንም አንድ ነገር እንለምናለን። የመመረቂያ ጽሑፍ ከመጀመሩ በፊት የሳይንስ ፋክልቲ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን አንድ ከሰዓት በኋላ ሰጥተው ይህንኑ ያስተምሩን። የሌላው ተማሪ ድካም እንደ እኛው በጥያቄ ምልክት እንዳይለወጥ ይህ ትንሽ ዋጋ ነው።