ከቤቱ በፊት ቧንቧው

ማዘጋጃ ቤት ለቤት አልባ ሰዎች መንደር ለመሥራት ባሰበ ጊዜ፥ «የፍሳሹ ቧንቧ ኋላ ይደርሳል» የሚል መካሪ አይታጣም። ምክሩ ገንዘብ የሚያተርፍ ቢመስልም ፍጻሜው ኪሣራ ነው። በካሊፎርኒያ፥ በሳን ዲዬጎ፥ ከ2016 እስከ 2018 እ.ኤ.አ. ሄፓታይተስ ኤ የተባለው የጉበት በሽታ፥ ይልቁንም በቂ መጸዳጃ ባጡ ቤት አልባዎች ዘንድ ተዛምቶ፥ 592 ሰዎች ታመሙ፤ ከእነርሱም 20ዎቹ ሞቱ። ከተማውም በ2017 ጎዳናውን በመድኃኒት ለማጠብና የእጅ መታጠቢያ ለማቆም ተገደደ። ደዌ የድኻውን ደጅ ከባለሱቁ ደጅ አይለይም። ነጋዴ ዕቃው ከመግባቱ በፊት መጋዘኑን እንደሚያሰናዳ ሁሉ፥ ቧንቧው ከዋናው መሥመር ሳይገናኝ ሰው በመንደሩ ሊሰፍር አይገባም። ለዚህ የሚወጣውንም ግብር ነጋዴው እንደ ዕዳ ሳይሆን እንደ መድን ዋጋ ሊቈጥረው ይገባዋል።