ቧንቧው ሳይታመን ጀሪካኑ ከቤት አይወጣም

በቲክቶክና በቴሌግራም አንድ ዓይነት ምክር ገበያ አግኝቷል። ቤቱ የተዝረከረከ ሰው አእምሮውም የተዝረከረከ ነው፤ ስድስት ወር ያልተነካ ዕቃ ከቤት ይውጣ፤ ዕቃ ሲቀንስ ጭንቀትም ይቀንሳል ይላሉ አነቃቂ ተናጋሪዎቹ። ከጀርባቸው ነጭ ግድግዳ፣ አንድ ሶፋና አንድ የአበባ ማስቀመጫ ይታያል። ቧንቧ ሲከፍቱ ውኃ እንደሚወርድላቸው መገመት አያዳግትም።

ይህ ምክር መቀሌ ሲደርስ ስድብ ይሆናል።

በሰሜን ክፍለ ከተማም ሆነ በሓውልቲ ወይም በዓዲ ሓቂ አንድ ተራ ቤት ምን እንደሚይዝ ማየት ይበቃል። በር ሥር የተደረደሩ ቢጫ ጀሪካኖች አሉ። ከኤሌክትሪክ ምጣዱ አጠገብ የከሰል ጆንያ ቆሟል። ቁም ሳጥኑ ላይ ሻማ፣ ባትሪና ፓወር ባንክ ተቀምጧል። አልጋ ሥር በፌስታል የታሰረ የወረቀት ክምር አለ። መካሪው ይህን ሲያይ ቅራቅንቦ ይለዋል። የቤቱ ባለቤት ግን እያንዳንዱ ዕቃ በየትኛው ቀን ለምን እንደገባ ያውቃል።

ከጀሪካኑ እንጀምር። የመቀሌ ውኃ በአብዛኛው የሚቀዳው ከአይናለም የከርሰ ምድር ጉድጓዶች ነው። ከተማዋ ስታድግ ውኃው አብሯት አላደገም። መፍትሔ ይሆናል የተባለው የግባ ግድብ ሥራም ጦርነቱ ሲመጣ ተቋረጠ። ስለዚህ ውኃ በፈረቃ ይመጣል፤ ፈረቃውም አይታመንም። አሁን ሒሳቡን እንሥራ። በዓለም አቀፍ የሰብአዊ እርዳታ መመዘኛ መሠረት አንድ ሰው በቀን ቢያንስ 15 ሊትር ያስፈልገዋል። አምስት ሰው ያለበት ቤት በቀን 75 ሊትር፣ በ10 ቀን 750 ሊትር ይፈልጋል ማለት ነው። ይህ ባለ 20 ሊትር 37 ጀሪካን ተኩል ነው። ስለዚህ ሮቶ መግዛት ያልቻለ ቤተሰብ በር ሥር ጀሪካን ቢደረድር ዝርክርክ አያሰኘውም። ሒሳብ የሚያውቅ ቤተሰብ ነው።

ከሰሉና ሻማው ደግሞ ከሰኔ 2013 ወዲህ የመጣ ትምህርት ነው። የፌዴራሉ ጦር ሰኔ 21 ቀን 2013 ከመቀሌ ከወጣ በኋላ መብራት፣ ስልክና ባንክ ተቋረጡ። ጥቅምት 23 ቀን 2015 የፕሪቶሪያ ስምምነት ተፈርሞ አገልግሎቱ መመለስ እስኪጀምር ከአንድ ዓመት በላይ አለፈ። በደብተሩ ላይ ብር እያለው ጤፍ መግዣ ያጣ ሰው ከዚያ ጊዜ ጀምሮ አንድ ነገር ተምሯል፤ በባንክ ካለ ገንዘብ በጓዳ ያለ ዘይት ይሻላል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲመራ ሲደረግና ብር በጥቂት ጊዜ ውስጥ ሲረክስ ይኸው ትምህርት እንደገና ጸደቀለት። አሁን መጥቶ «ትርፍ ዕቃ አታከማች» የሚለው ሰው፣ ነገ ባንኩ እንደማይዘጋ ዋስ ይሆነዋል?

ወረቀቱስ? በትግራይ ያሉ መምህራንና ሌሎች የመንግሥት ሠራተኞች በጦርነቱ ዘመን ያልተከፈላቸውን የ17 ወራት ውዝፍ ደመወዝ ሲጠይቁ ኖረዋል። ይህን የሚጠይቅ ሰው የቅጥር ደብዳቤውን እንዲጥል ማን ይመክረዋል? ቤቱና ካርታው በሌላ ሰው እጅ የገባበት ተፈናቃይ የተረፈችውን አንዲት ደረሰኝ በስድስት ወር መመዘኛ ይመዝናት? አንድ ጉዳይ ለማስፈጸም ያው ፎቶ ኮፒ በየቢሮው በሚጠየቅበት አገር የወረቀቱ ክምር የባለጉዳዩ ጠባይ አይደለም። የቢሮው ዝርክርክነት ወደ ባለጉዳዩ አልጋ ሥር ተዛውሮ ነው።

በእርግጥ የተዝረከረከ ቤት አእምሮን እንደሚጫን የሚክድ የለም። እ.ኤ.አ. በ2010 ዳርቢ ሳክስቢና ሬና ሬፔቲ የተባሉ ተመራማሪዎች በሎስ አንጀለስ ባጠኑት ጥናት፣ ቤታቸውን የተዝረከረከ ወይም ሥራው ያላለቀ አድርገው የገለጹ ሚስቶች የጭንቀት ሆርሞናቸው በቀን ውስጥ መውረድ የሚገባውን ያህል አልወረደም። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2013 ሴንዲል ሙላይናታንና ኤልዳር ሻፊር ስለ እጥረት በጻፉት መጽሐፍ ያስረዱት ሌላ እውነትም አለ። እጥረት ራሱ የአእምሮን አቅም ይበላል። ውኃው ዛሬ ይመጣል ወይስ አይመጣም እያለ ሌሊት የሚነቃ ሰው አእምሮውን የሞላው ውኃው እንጂ ጀሪካኑ አይደለም። ጀሪካኑን ቢጥለው ጭንቀቱ በእጥፍ ይጨምራል።

የዚህ ፋሽን እናት ተደርጋ የምትታየው ጃፓናዊቷ ማሪ ኮንዶ ናት። ደስታ የማይሰጥ ዕቃ ይሰናበት የሚለው መርኋ እ.ኤ.አ. በ2019 በኔትፍሊክስ ዓለምን አዳረሰ። በ2023 ግን ሦስተኛ ልጇን ከወለደች ወዲህ ቤቷን እንደ ድሮው ማስተካከል መተዋን፣ ጊዜዋን ለልጆቿ መስጠት መምረጧን ተናገረች። መምህሯ ራሷ ኑሮ ሲለወጥ ደንቡን አላልታለች። ደቀ መዛሙርቷ ናቸው የከረሩት።

የመካሪዎቹ ሌላው ግብዝነት ምክሩ የሚወርድበት ሰው ነው። ቤት ይስተካከል ሲባል የሚጎነበሰው ማን ነው? ወንዱ ካፌ ተቀምጦ ስለ «አእምሮ ማጽዳት» ሲያወራ ቤት የምታጸዳው፣ ጀሪካን ተሸክማ የምትመጣው፣ ወረፋ የምትይዘው ሚስት፣ እኅት ወይም ሴት ልጅ ናት። ሥራውን ሳይካፈል ንጽሕናን የሚሰብክ ሰው የሚሰብከው የሌላ ሰው ድካም ነው።

ጥቂት ዕቃ ይዞ መኖር ነፍስን ነጻ ያወጣል የሚሉትም ወደ ሰባ ካሬ የተፈናቃዮች መጠለያ፣ ወይም ተፈናቃዮች ወዳደሩባቸው የመቀሌ ትምህርት ቤቶች ይሂዱ። በአንድ የመማሪያ ክፍል ብዙ ቤተሰብ ሲታጨቅ ፍራሽ ጠዋት ይጠቀለላል፤ ድስትና ሰሐን በአንድ ጥግ ይደረደራል፤ ልብስ በአንድ ከረጢት ያልቃል። ዓለም የሚያደንቀው «ሚኒማሊዝም» እዚያ ተሟልቷል። ነጻነቱ ግን የለም። ምክንያቱም ዕፎይታ የሚሰጠው የዕቃ ማነስ ሳይሆን የመምረጥ መብት ነው። የጣለ ሰውና የተቀማ ሰው ቤታቸው ቢመሳሰልም ሕይወታቸው አይመሳሰልም።

ታዲያ ቤት እንደተዝረከረከ ይቆይ ማለት ነው? አይደለም። መቀሌም የእውነት ቅራቅንቦ አለ። የተቃጠለው ቴሌቪዥን፣ ቀኑ ያለፈበት መድኃኒት፣ ያበጠው የስልክ ባትሪ፣ ለእንግዳ እየተባለ ቡፌ ውስጥ አቧራ የሚጠጣው ብርጭቆ። ለእነዚህ መመዘኛው «ደስታ ይሰጣል?» የሚል ሊሆን አይችልም፤ ጀሪካንም ሆነ የከሰል ጆንያ ማንንም አስደስቶ አያውቅም። የሚሻለው ጥያቄ «ችግር ቢመጣ ይህ ዕቃ ምን ይሠራል?» የሚለው ነው። መልስ ያለው ዕቃ ይቀመጥ። መልስ የሌለው ቆራሌ ይውሰደው፤ ለሰው የሚጠቅም ከሆነ ደግሞ ተፈናቃዩ ያለው እዚያው ከተማ ውስጥ ነው።

የሚቀመጠውም ሥርዓት ይኑረው። ጀሪካን ቀድሞ የተሞላው ቀድሞ እንዲቀዳ በተራ ይደርደር፤ የመጠጡ ከማጠቢያው ይለይ፣ ክዳኑም ይጠበቅ። የወረቀቱ ክምር ከፌስታል ወጥቶ የቤት፣ የሥራ፣ የጤናና የትምህርት ተብሎ በክላሰር ይለይ፤ ዋናው በቤት፣ የስልክ ፎቶው በሌላ የቤተሰብ አባል እጅ ይሁን። እንዲህ የተለየ ወረቀት ለባለቤቱ ክስ ይሆነዋል፤ የታጨቀው ግን ሸክም ብቻ ነው። አእምሮን በተመለከተም ጦርነት ሊነሳ ነው የሚል የፌስቡክ ወሬ ከመኝታ በፊት አለመክፈት ከየትኛውም ቁም ሳጥን ማጽዳት በላይ እንቅልፍ ይሰጣል። እውነት የሆነ ዜና ጠዋትም ይደርሳል።

ይህ የነዋሪው ድርሻ ነው፤ ነዋሪው ደግሞ ከድርሻው በላይ ሲሠራ ኖሯል። የቀረው የባለሥልጣኑ ነው። የውኃ ፈረቃው በየሰፈሩ ይለጠፍ፣ የተለጠፈውም ይከበር። አንድ ቢሮ የተቀበለውን ሰነድ ሌላው ቢሮ እንደገና አይጠይቅ። ውዝፍ ደመወዙ ይከፈል ወይም መቼ እንደሚከፈል በጽሑፍ ይነገር። ተፈናቃዩ በሰላም ወደ ቀዬው ይመለስ፤ ክፍሉም ለተማሪ ይመለስ። ይህ ሲሆን የመቀሌ ሰው ጀሪካኑን ማውጣት እንዳለበት ማንም አነቃቂ ተናጋሪ ሊነግረው አያስፈልግም።