በነጻ የታጠበ ፊት

«ዩቲዩብ ላይ ሁሉም ነገር በነጻ ተዘርግቶልህ ፎቶሾፕ አልችልም ካልክ ችግሩ ስንፍናህ ነው።» ይህችን አባባል ያልሰማ ካለ እጁን ያውጣ። ከጓደኞቼ ሰምቻታለሁ፤ ከአሠሪዬም ሰምቻታለሁ፤ ይባስ ብሎ ለታናናሾቼ እኔው ራሴ ስደጋግማት ኖሬአለሁ። ዛሬ ልሞግታት ነው የመጣሁት። ነጻ የቪዲዮ ትምህርት ይቅር አልልም፤ እንጀራ የበላሁት በእሱ ነው። የምለው ይህ ነው፦ እነዚህ ትምህርቶች የትኛውን ቁልፍ እንደምንጫን ያሳዩናል፤ ምን ዓይነት ፊት «ያማረ» እንደሆነም አብረው ይነግሩናል። የመጀመሪያውን በምስጋና ስንቀበል ሁለተኛውን ሳንመረምር እየዋጥነው ነው። ዋጋውን የሚከፍሉት ደግሞ የገዛ ሰዎቻችን ናቸው።

ነገሩ በወሬ እንዳይቀር ያደረግሁትን ልናገር።

አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ትንሽ ፎቶ ቤት እሠራ ነበር። ሥራችን ጉርድ ፎቶ ማንሳት፣ የሠርግ አልበም ማዘጋጀት፣ አሮጌ ፎቶ ማደስና ማሳደግ ነበር። ኮምፒውተሩ ላይ ያለው ፎቶሾፕ ክራክ ነው፤ አስተማሪዬ ደግሞ ስልኬ። ማታ ማታ ፓኬጅ ገዝቼ፣ ያልገባኝን እንግሊዝኛ እየመለስኩ እያዳመጥኩ፣ ደብተር ላይ እጽፋለሁ። በጥቂት ወራት ውስጥ ቆዳ ማለስለስ፣ ብጉር ማጥፋት፣ ጥርስ ማንጣት፣ ዓይን ማብራት ቻልኩ። «ጎበዝ ነው» ተባልኩ። እኔም አመንኩ።

አንድ ቀን አንዲት እናት መጡ። የሟች እናታቸውን ጉርድ ፎቶ ከቦርሳቸው አወጡ፤ ከድሮ መታወቂያ የተላጠ፣ ጠርዙ የተበላ፣ ጥጉ ላይ የማኅተም ቀለም ያለበት ነው። ለሙት ዓመቱ በትልቁ ታትሞ እንዲሰቀል ፈለጉ። ስካን አደረግሁትና የተማርኩትን ሁሉ ዘረገፍኩበት። ግንባሩን፣ ጉንጩን አለሰለስኩ። ጥላውን አነሳሁ፤ ፊቱን አበራሁ። አንገቱ ላይ ብዥ ያሉ መስመሮች ነበሩ፤ የወረቀቱ እድፍ መሰሉኝና በሂሊንግ ብረሽ አንድ በአንድ አጠፋኋቸው። ሲያልቅ ኮርቼ ነበር። ልክ ቪዲዮዎቹ ላይ እንዳለው «በፊት» እና «በኋላ» ሆኖልኛል።

ሴትዮዋ ፎቶውን ይዘው ብዙ ዝም አሉ። ከዚያ ቀስ ብለው፣ «የኔ ልጅ፣ ይህቺ ማን ናት?» አሉኝ። እናታቸው ጠይም ነበሩ፤ እኔ የሰጠኋቸው አመድ የነፋባት የምትመስል ሴት ነበረች። «ንቅሳቷስ?» አሉ ደግሞ። እድፍ ብዬ የፋቅሁት የእናታቸውን የአንገት ንቅሳት ነበር።

ጥፋቱ የኔ ነው፤ በማንም ላይ አላላክክም። ግን ያንን ጥፋት ሙያ ነው ብዬ የያዝኩት ከየት ነው? ካየኋቸው ቪዲዮዎች አብዛኞቹ የሚጀምሩት በአንድ ዓይነት ፊት ነው፤ ነጭ፣ ወጣት፣ በስቱዲዮ መብራት የተነሳ። መምህሩ «ቆዳውን እናስተካክል» ሲል ማስተካከል ማለት መስመር ማጥፋት፣ ጥላ ማሳሳት፣ ብርሃን መጨመር ነው። እዚያ ፊት ላይ ያምራል። እኔ ቁጥሩን ሳይቀር ደብተሬ ላይ ገልብጬ፣ ያንኑ ቁጥር በዕድሜ የገፉ ጠይም እናት ፊት ላይ ጫንኩት።

ነገሩ ፎቶሾፕ እ.ኤ.አ. በ1990 ከመውጣቱ በፊትም የነበረ ነው። በፊልም ዘመን ኮዳክ ለፎቶ ማጠቢያ ቤቶች የሚልከው የቀለም ማስተካከያ ካርድ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ ጀምሮ ለብዙ ዓመታት ካርዱ ላይ የምትታየው ነጭ ሴት ነበረች፤ በአንዷ ሞዴል ስም «ሸርሊ ካርድ» ተባለ። ባለሙያው የሸርሊ ቆዳ ልክ እስኪመጣ ድረስ ቀለሙን ያስተካክላል፤ የእሷ ከመጣ የሁሉም መጣ ማለት ነው። ጥቁር ሰው ከነጭ ሰው አጠገብ ሲነሳ ዓይንና ጥርሱ ብቻ የሚታይባቸው ፎቶዎች እንዲሁ የመጡ አይደሉም። ኮዳክ ጥቁርና ቡናማ ቀለም የተሻለ የሚይዝ ፊልም እንዲሠራ ከገፉት መካከል የቸኮሌትና የእንጨት ዕቃ አምራቾች ነበሩ። ልብ በሉ፤ የጥቁር ሰው ፊት ያላስነሳውን ጥያቄ ቸኮሌትና ጠረጴዛ አስነሱት። ዛሬ ካርዱ የለም። የሸርሊ ፊት ግን የስንቱ ቪዲዮ መለማመጃ ሆኖ ቀጥሏል።

ፊት የማረም ሥራ ላይ ይህ ተራ ጉዳይ አይደለም። የጠይምና የጥቁር ፊት ውበት ያለው ብርሃን ሲያርፍበት በሚሰጠው ወዝና በጥላው ጥልቀት ላይ ነው። ጥላውን ከልክ በላይ ስታነሱት ሙቀቱ ይሸሻል፤ ቀዩና ቢጫው ይደበዝዝና ፊቱ አመድማ ይሆናል። ወዙን «ላብ ነው» ብላችሁ ስታጠፉት ደግሞ ፊቱ ጠፍጣፋ ይሆናል። ጠይም ፊት ሲጨልም መፍትሔው ሁሉንም ማንጣት አይደለም፤ በከርቭስ መካከለኛውን ብርሃን በጥቂቱ ከፍ አድርጎ፣ ጥቁሩን በቦታው ትቶ፣ የሚፈለገውን ክፍል ብቻ በሌየር ማስክ መለየት ነው። ይህንን ከማወቄ በፊት ስንት ሙሽራ አመድ እንዳለበስኩ ቤታቸው ያለው አልበም ይቁጠረው።

ወደ «ነጻ» እንመለስ። የአንድ ሰዓት ቪዲዮ በ720ፒ ስታዩ አንድ ጊጋባይትና ከዚያ በላይ ሊሄድ ይችላል። ፓኬጅ ላለመጨረስ ወደ 240ፒ ስታወርዱት ደግሞ የሜኑው ጽሑፍ አይነበብም፤ መምህሩ የትኛውን እንደጫነ በግምት ነው። ትምህርቱ ነጻ ነው፤ ሶፍትዌሩ ግን አዶቢ እ.ኤ.አ. በ2013 ወደ ምዝገባ ክፍያ ከዞረ ወዲህ በየወሩ ይከፈልበታል። እ.ኤ.አ. በ2023 የመጣው ጄኔሬቲቭ ፊል ደግሞ የሚሠራው በኩባንያው ሰርቨር ላይ ስለሆነ ኢንተርኔትና አካውንት ይጠይቃል። ክራክ የጫነ ልጅ ቪዲዮውን እስከ መጨረሻ አይቶ፣ ያየውን ቁልፍ ኮምፒውተሩ ላይ ያጣዋል። እና ይህንን ልጅ ነው «ሰነፍ» የምንለው?

አውቃለሁ፤ አንዳንዱ አንባቢ አሁን «ደንበኛው ራሱ እኮ ነው ቀይ አድርገኝ የሚለው» ሊለኝ ነው። እውነት ነው፤ ይላል። አማርኛ ለፊት ቀለም ስንት ቃል አለው፤ ቀይ፣ ብስል ቀይ፣ ቀይ ዳማ፣ ጠይም፣ ጥቁር። ይህ የሠለጠነ ዓይን ምልክት ነው፤ ያልለየነውን አንሰይምም። ግን በዚሁ መዝገበ ቃላት ውስጥ «ቀይ ናት» ማለት ሙገሳ፣ «ጠቆርክ» ማለት ሐዘኔታ መሆኑንም እንካድ አልልም። ቪዲዮው በሽታውን ከባዶ አላመጣውም፤ ቤታችን ያለውን አግኝቶ በአንድ ማንሸራተቻ አቀለለው። ታዲያ የባለሙያ ድርሻ ምንድን ነው? ልብስ ሰፊ እንኳ «ይሄ አይሆንዎትም» ይላል። እኛ ሁለቱንም አዘጋጅተን፣ በራሱ ቀለም በደንብ የተሠራውን አስቀድመን ብናሳየው ምን እናጣለን? እኔ ሞክሬዋለሁ። ቀይ ልሁን ብሎ የመጣ ሰው ራሱን በጥሩ ብርሃን ሲያይ ብዙ ጊዜ «ይሄ ይሁንልኝ» ይላል። ሁልጊዜ አይደለም። ግን ብዙ ጊዜ።

ከሁሉ የሚያናድደኝ ሌላ ነው፦ በአማርኛ የምናስተምረው ሰዎች። ጥቂቶቹን በጣም አመሰግናለሁ። ብዙዎቹ ግን የውጭውን ቪዲዮ ይዘው፣ ያንኑ ከኢንተርኔት የወረደ የነጭ ሞዴል ፎቶ ከፍተው፣ ያንኑ ቁጥር በአማርኛ ያነቡልናል። ቋንቋው ተለወጠ፤ ዓይኑ እዚያው ነው። የሰው ወርቅ አያደምቅ ይባል የለ? ከዚያ ቁምነገሩ ጋ ሲደርሱ «ቀሪው ቴሌግራም ቻናላችን ላይ በክፍያ» ይላሉ። በመሸጣቸው አልቀየምም፤ መምህርም ይበላል። ግን የምትሸጡልን ከሆነ ሌላ ቦታ የሌለውን ሽጡልን፦ የእኛን ፊት፣ የእኛን ፀሐይ፣ ነጭ የሐበሻ ቀሚስ ከጠይም ፊት አጠገብ ሲሆን ካሜራው እንዴት እንደሚሳሳት፣ የጓዳ አምፖል ቢጫ ብርሃን እንዴት እንደሚታረም። ይህንን ሌላ አገር ያለ መምህር ሊያውቅልን አይችልም።

እስከዚያ ድረስ የሚማር ሰው ምን ያድርግ? ያቃጠልኩት ፓኬጅ ያስተማረኝን ልንገራችሁ። «በአንድ ደቂቃ ፊት ማሳመር» የሚል ርዕስ እለፉ። ሌየር፣ ማስክ፣ ከርቭስ ብላችሁ በመሣሪያው ስም ፈልጉ፤ መርሁን ያወቀ ሰው ሜኑው ቢቀየርም አይጠፋበትም። መምህሩ «ይህንን ቁጥር አስገቡ» ብቻ ካለ ውጡ፤ «ለምን እንደሆነ ላሳያችሁ» ካለ ቆዩ። ህንዳዊው ኡንሜሽ ዲንዳ በፒክስኢምፐርፌክት ቻናሉ ብዙ ተመልካች ያፈራው ይህንን «ለምን» በነጻ ስለሚያብራራ ይመስለኛል። ስትፈልጉ ጥቁር ቆዳ የሚለውን በእንግሊዝኛ ጨምሩበት፤ የሚመጣው ውጤት ሌላ ነው። ክራክ ከመጫን ጊምፕን ሞክሩ፤ እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ በነጻ አለ። ፎቶፒ ደግሞ ሳይጫን በብራውዘር ይሠራል፤ የፎቶሾፕንም ፋይል ይከፍታል። እና ዋናውን ፎቶ በፍጹም አትንኩ፤ ሁልጊዜ ቅጂው ላይ ሥሩ።

የመጨረሻዋን ምክር የጻፍኩት ደርሶብኝ ነው። ያን ቀን ስካን ያደረግሁት ፋይል ላይ በቀጥታ ሠርቼ ሴቭ አድርጌው ነበር። ደግነቱ ጉርድ ፎቶው በሴትዮዋ እጅ ነበር። ይቅርታ ጠይቄ እንደገና ስካን አደረግሁት። ፊቱን ብዙ አልነካሁትም፤ የማኅተሙን ቀለም አነሳሁ፤ የተበላውን ጠርዝ ጠገንኩ። ንቅሳቱ ግን ከፎቶው ላይ ደብዝዞ ስለነበር መስመሩ እንዴት እንደሚሄድ ማወቅ አልቻልኩም። ሴትዮዋን ጠየቅኋቸው። ከጠረጴዛው ላይ የደረሰኝ ወረቀት ስበው፣ በእስክሪብቶ፣ ዓይናቸውን ጨፈን ገለጥ እያደረጉ ሣሉልኝ። ሦስት መስመር፣ በመካከላቸው ትንንሽ ነጥቦች፣ ከታች መስቀል። «ልጅ ሆኜ ስታቅፈኝ በጣቴ እቆጥራቸው ነበር» አሉ።

ያንን የትኛውም ቪዲዮ ላይ አላገኘውም ነበር። እንግዲህ በአማርኛ የምታስተምሩ ወንድሞችና እህቶች፣ ቀጣዩን ትምህርት ስትቀርጹ ያቺን ከኢንተርኔት የወረደች ሞዴል ዝጓትና የእናታችሁን ፎቶ ክፈቱ። ፈቃድ ጠይቁ፤ አጠገባችሁም አስቀምጧቸው። ስታበዙት «ይህቺ ማን ናት?» የሚል ሰው ያስፈልጋችኋል።