ሌንሱ አልገባም ሲል...

የዛሬው ጨዋታ በራሴ የደረሰ ነው። ላንጋኖ ዳር ስንዝናና ከጓደኛዬ የተዋስኩት ዲጂታል ካሜራ ሌንሱ እንደወጣ ቀረ። ደንግጬ በጣቴ ገፋሁት። ቀጭ አለ! ካሜራ ጠጋኙ ከፍቶ አየውና፣ “የያዘው አሸዋ ነው፤ የሰበርሽው ግን አንቺ ነሽ” አለኝ። ለካ ሌንሱን የሚያንቀሳቅሱት ጥቃቅን የፕላስቲክ ጥርሶች ኖረዋል፤ በግድ ሲገፉ ይረግፋሉ!

እናንተም ቢገጥማችሁ በጉልበት አትሞክሩት። መጀመሪያ ሜሞሪ ካርዱን አውጡ፤ ፎቶአችሁ ያለው እዚያ ነው። ባትሪውን ሙሉ ቻርጅ አድርጋችሁ መልሱ፤ ባትሪ ሲደክምም ሌንስ መሀል መንገድ ይቆማል። ካልሆነ አጥፉትና ሌንሱን ወደ መሬት ደፍታችሁ ዙሪያውን በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ ጥረጉ። በአፍ እፍ አይባልም፣ ምራቅ ይገባል። ዘይትማ በጭራሽ! ከዚያ አብሩት። አሁንም እምቢ ካለ ለባለሙያ ስጡት።

እኔን ግን ከካሜራው ይልቅ የከበደኝ ለጓደኛዬ መንገሩ ነበር። ሦስት ቀን ስልኳን ሳላነሳ ሰነበትኩ። በመጨረሻ ቤቷ ሄጄ እውነቱን አፈረጥኩት። “ካሜራውስ ይሠራል፤ እኔን ያስከፋኝ መጥፋትሽ ነው” አለችኝ። ማሠሪያውን ከፈልኩ... ዕዳው ቀለለኝ። የሰው ዕቃ ሲበላሽ መደበቅ ከብልሽቱ ይብሳል።